ሠላሳ ሰባተኛው ወንበር

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም» አሉ ዋና ጸሐፊው፣ የቡናውን ስኒ ጉልበታቸው ላይ እንዳስደገፉ። «አዳራሹ ውስጥ ቆመሽ ‹ወንበሩን መልሰናል› ትያለሽ፣ አለቀ። መኪና እልክልሻለሁ። ለቀስተኛው መውጣትሽን ሳያውቅ ተመልሰሽ ቁጭ ትያለሽ።»

ጥርስ ሠሪዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ለሐዘኑ መቀመጫ የተሰበሰበው ከየጎረቤቱ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ እግሩ የሚወላገድ። የግዛቱ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ የደረሳቸው የልጆች ዱካ ሆነና፣ ያን ሁሉ ግዝፈት ይዘው ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አባቷ ቢኖር ጓዳ ገብቶ አፉን በእጁ ይዞ ይስቅ ነበር።

«አባቴ የተቀበረው ገና ትናንት ነው» አለች።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። አፈር ካለበሷቸው አንዱ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ? ትናንት ከቀብር መልስ ይሄንኑ አሉኝ፤ ዛሬም ይሄንኑ።»

ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት። ነገር ሲከብዳቸው መነጽር የሚጠርጉ ሰው ናቸው። «የምክር ቤቱ ክፍለ ጊዜ ነገ ይዘጋል። ሳይሸኙ ቢቀሩ አያምርም። ወንበሩ ሲመለስ ሁላችንም ብድግ ብለን እናስባቸዋለን፤ ፎቶግራፋቸው ኮሪደሩ ላይ ይሰቀላል። ካልተመለሰ ግን በደንቡ መሠረት እንዳሉ ነው የሚቆጠሩት። ነገ ሁሉም በየወንበሩ ሲጠራ እሳቸውም ይጠራሉ። የሞተ ሰው ሦስት ጊዜ እየተጠራ ዝም ሲባል፣ ደስ ይልሻል?»

ደስ አይላትም።

ደንቡን ታውቀዋለች። በዚያ ምክር ቤት አንድ አባል ቃለ መሐላ ሲፈጽም ከዘመዶቹ አንዱ አጠገቡ ይቆማል። አባሉ የሞተ እንደሆነ ያው አብሮት የቆመው ሰው አዳራሹ ገብቶ፣ ዋና ጸሐፊው እየሰሙ፣ ወንበሩን በአፉ ይመልሳል። ያ ቃል እስኪባል ድረስ ወንበሩ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ አፈር ለብሶም ቢሆን። ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ይሰረዝ ያለም የለም። ያን ጊዜ ከአባቷ ጎን የቆመችው እሷ ናት፤ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ የኮቱን ኪስ ጫፍ ይዛ። ከእሷ ሌላ ቃሉን ሊል የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም።

«ላስብበት» አለች።

«አስቢበት» አሉ ጸሐፊው፤ ከዱካው ለመነሳት ግን የሁለት ሰው እርዳታ አስፈለጋቸው።

ሰፈሩ አባቷን «አቶ ተደግፏል» ነበር የሚለው። ሊቀመንበሩ «የምትደግፉ?» ሲሉ እጁ ከሁሉም ቀድማ ትወጣለች፤ ይሄ በቴሌቪዥን ስለሚታይ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ቲማቲም ሻጯ እንኳ ዋጋ በጨመረች ቁጥር «ጨምሬያለሁ አባባ፣ ተደግፏል?» ትለዋለች። እሱም አብሮ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ግን መንገዱን ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ልጁ አጠገቡ ካለች ዓይኗን አያያትም።

እሷ የማትስቅበት ምክንያት ነበራት። ከብዙ ዓመት በፊት ምክር ቤቱ መንገድ ለማስፋት ሕግ ሲያወጣ፣ ከሚፈርሱት ቤቶች አንዱ የመጀመሪያዋ የጥርስ መሥሪያ ክፍሏ ነበር። ያን ክፍል ለማቋቋም ያልሆነችው የለም። አፍራሾቹ ሲመጡ ዕቃዋን ያወጣችው በሩጫ ነው። የሰዎችን መንጋጋ የቀዳችባቸው ጄሶዎች መደርደሪያው ላይ ቀርተው ነበርና በማግስቱ ፍርስራሹ ውስጥ ተንበርክካ ስትለቅም ዋለች፤ የአንዱ ላይኛው መንጋጋ፣ የሌላው ታችኛው፣ ሁሉም አቧራ ውስጥ አፉን ከፍቶ። ማታ አባቷን «አንተም እጅህን አነሳህ?» ስትለው ሽሮ እያማሰለ ነበር፤ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ልጅ አንገቱን ደፋ።

«የኔ እጅ ብትጎድልም ያልፍ ነበር» አላት። «ከመጣው ሰው ከግማሽ በላይ ደግፎታል። የኔ አንዲት እጅ ምን ታመጣ ነበር?»

አልዋሸም። ተራ ሕግ እንደዚያ ነው የሚያልፈው። በዚያ አዳራሽ በቆየበት ዘመን ሁሉ እጁ አንድም ነገር አሳልፋ አታውቅም፣ አንድም ነገር አግዳ አታውቅም። ስለዚህ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ዝንብ እንደሚከላከል ሰው እጅ። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ አብልታዋለች፣ አሳክማዋለች፣ ጥርሶቹ ሲያልቁም ከሰው ሁሉ አስበልጣ አሳምራ ጥርስ ሠርታለታለች። ፍቅሩ አልጎደለም። የሄደው አክብሮቱ ነው፤ እሱም መሄዱን ያውቃል።

አሁን የማታውቀው ነገር ቢኖር አባቷ በእርግጥ ከቤቱ መውጣት አለመውጣቱን ነው። ትናንት ሳጥኑን ተከትላ ሄዳለች፣ አፈሩ ሲመለስ አይታለች። ሆኖም ለቀስተኛው ዝም ባለ ቁጥር ከመኝታ ክፍሉ ያቺን መኖሩን የሚያስታውቅባትን ሳሉን ትሰማለች፤ አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ሁለት ጊዜ «አቤት አባዬ» ብላ ከመቀመጫዋ ተነስታለች። ሰው ሁሉ አየና እንዳላየ ሆነ። አንዲት ጎረቤት ክንዷን ይዛ «ቁጭ በይ እህቴ፣ ይሄማ በሐዘን ያለ ነው» አለቻት። ያለ ይሁን እንጂ ያ ሳል እዚያው ግድግዳው ማዶ ነበር።

ክፍሉ ስትገባ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ከራስጌው ባለው ብርጭቆ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ፣ ጥርሶቹ ተቀምጠዋል። አስከሬኑን ሲገንዙ ማንም አላስታወሰም። እሷ፣ በዚህ እጇ ሰሙን ቀርጻ፣ ንክሻውን አስተካክላ፣ እስኪያብለጨልጭ አሻሽታ የሰጠችው፣ አባቷን ያለ ጥርስ ቀበረችው። ጮኻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ጩኸቷን የሰማችው አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ እየሮጠች መጥታ ብርጭቆውን አየች። «ምን አለበት ልጄ፣ እዚያ ምን ሊበላበት?» አለቻት። ማጽናናቷ ነበር፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም ደነገጡ።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አባቷ ይመጣል። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጉንጩ ተሰርጉዶ፣ አንድ ነገር ይነግራታል። ጥርስ የሌለው ሰው ንግግር የዕለት ሥራዋ ነው፤ ማንም ያልገባው ይገባታል። የእሱ ግን አልገባ አላት።

ከቀትር በኋላ ከምክር ቤቱ ብዙ ሰው መጣ። ጥርስ ሠሪዋ ቁጭ ብላ መታየቱ ስለሰለቻት የቡናውን ፔርሙስ ይዛ ታዞራለች። በረንዳው ጥግ ሁለት አባላት ተጠጋግተው ሲያንሾካሹኩ ከኋላቸው ደረሰች።

«ስልሳ ነው ያለን፤ አንድም አልጨመረ» ይላል ወጣቱ።

«ወንበሩ ከተመለሰ ስልሳ በቂ ነው» ይላል ሌላው።

«ምኑ ነው በቂ የሚሆነው?» አለች እሷ።

ወጣቱ ቡናው ትን አለው። ጓደኛው ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ያገኘ መስሎ ጥሎት ሄደ። ወጣቱ ብቻውን ሲቀር ወደ ግቢው በር አየ፣ ወደ ፔርሙሱ አየ፣ መሸሺያ አጣ።

«ለነገው ድምፅ ነው» አላት። «ሕገ መንግሥቱ ላይ አንድ አንቀጽ ይሻሻላል። ነዋሪው ራሱ ካልፈቀደ ከቤቱ አይነሳም የሚለው።»

«የወንዝ ዳሩን ሰፈር ለማንሳት?»

«እንግዲህ፣ ለልማቱ» አለና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይሄ እንደ ተራ ሕግ አይደለም። ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ድምፅ ይፈልጋል። ያውም ከመጣው ሰው አይደለም፣ ከጠቅላላው አባል ነው። ቤቱ የተኛም፣ መንገድ የሄደም፣ ካልደገፈ እንደተቃወመ ነው። ዘጠና አንድ ነን። የዘጠና አንድ ሁለት ሦስተኛ ስልሳ አንድ ይመጣል።»

«እናንተ ስልሳ ናችሁ።»

«ስልሳ አንደኛው አባትሽ ነበሩ። እስኪሻላቸው ስንጠብቅ ነው ድምፁ ከሳምንት ሳምንት ሲተላለፍ የከረመው።»

«ወንበሩ ሲመለስስ?»

«ከጠቅላላው ይቀነሳል። ዘጠና እንሆናለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የዘጠና ሁለት ሦስተኛ ድፍን ስልሳ ነው።»

ፔርሙሱ እጇ ላይ ከበዳት። አባቷ በሕይወት እያለ አልጋው ላይ መተኛቱ ብቻ መቃወም ነበር። አሁን ደግሞ መሞቱ እንደ መደገፍ ሊሆን ነው። ሞቶም እጁን ሊያነሳላቸው ነው ማለት ነው።

«እና አባቴ ስለሞተ ያልፋል?»

«ኧረ እንደሱ አይባልም!» አለ ወጣቱ፤ ሆኖም እንዴት እንደሚባል አልነገራትም።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ ዕረፍት ነሳት። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ በአንድ ይመጡባት ጀመር። ስብሰባ ባለበት ጠዋት ሁሉ አባቷ ማልዶ ይነቃል። ሱፉን እንድትተኩስለት ያዛታል፤ ጥርሱን ያደርጋል፤ ጸጉሩን በውሃ ያስተኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ከረባቱን አስሮ ቁጭ ይላል። የምክር ቤቱ ሾፌር መጥቶ በር ላይ ሲቆም ብድግ ለማለት ይሞክራል፣ ያቃስታል፣ ይቀመጣል። «ዛሬስ አልቻልኩም» ይለዋል። «በሚቀጥለው ሳምንት ግን እመጣለሁ በልልኝ።» ሾፌሩ ይሄዳል። እሷ ሱፉን መልሳ ትሰቅላለች፤ እየሰቀለች ትናደዳለች። ሰው እንዴት ሊሞት ተቃርቦ እንኳ ለእነዚያ ሰዎች እጁን ለማንሳት እንዲህ ይጣደፋል? ያውም በገዛ እህቱ ቤት ላይ! አክስቷ ወንዝ ዳር ናት፤ ቤቷ ትንሽ ብትሆንም ጭራሽ ሌላ የላትም።

በመጨረሻው ጠዋት አልቻለችም። ሱፉን ወርውራ አልጋው ላይ ጣለችለትና፣ ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ እየሰማ፣ «ይሄን ጥርስ የሠራሁልህ ‹ተደግፏል› እንድትልበት አልነበረም!» ብላ ጮኸችበት። «አቶ ተደግፏል! እውነታቸውን ነው!» አባቷ ጥርሱን አወለቀና ብርጭቆው ውስጥ ከተተው። እሷም በሩን አላግታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያንን ጥርስ አድርጎ አላየችውም፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራ ቦታዋ እያለች አረፈ ብለው ደወሉላት። ከአፏ የሰማው የመጨረሻ ረጅም ንግግር ያ ነው።

አመሻሹ ላይ ሰው ጋብ ሲል ወጥ ቤት ገብታ ስኒ ስታጥብ አክስቷ ተከትላት ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው?» አለች።

«ወንበሩን መልሺ ነው የሚለኝ፣ እቴቴ።»

«መቼ?»

«ነገ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት።»

አክስቷ የታጠበ ስኒ አንስታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። «እንግዲህ ላልነግርሽ ምዬ ነበር። የመሐላዬን ነገር ወዲያኛው ዓለም ከእሱ ጋር እጨርሰዋለሁ። ሾፌሩ በሄደ ቁጥር፣ አንቺም ሥራሽ በሄድሽ ቁጥር፣ ወንድሜ ተነስቶ ግቢውን ይዞር ነበር። አዎ፣ በዱላ፤ አዎ፣ እያረፈ። ግን ይሄድ ነበር። መኪና ላይ ወጥቶ አንዲት እጅ ማንሳት አያቅተውም ነበር።»

ጥርስ ሠሪዋ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መሄድ አልፈለገም ማለቴ ነው። ‹ዕድሜ ልኬን እጄ ምንም አታመጣም ስል ኖሬ፣ አሁን አንዷ የጎደለቻቸው የኔዋ ሆነች› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን እቃወማለሁ ብሎ አይነግራቸውም?»

«ቢነግራቸው በማግስቱ ሌላ ሰው ፈልገው ያሳምኑ ነበራ! ስልሳ አንደኛ የሚሆን ሰው መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ነገ እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ እያለ ተስፋ ሲሰጣቸው እሱን ሲጠብቁ ከረሙ። ክፍለ ጊዜው እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ልቆይ ነበር የሚለው።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ደግሞ ፈርቶም ነው። ወንድሜ ፈሪ አይደለም አላልኩሽም።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

አክስቷ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። «ፊትሽ አይደብቅም። ሾፌሩ አንቺን ያይ ነበር። ‹በእሷ ንዴት ነው የሚያምኑኝ፤ ካወቀች ትስቃለች፣ ከሳቀች ያልቅልኛል› አለኝ። ያን ቀን የጮህሽበት ቀን ሁለታችሁም ከሄዳችሁ በኋላ ገባሁ። ‹ሾፌሩ ሰማ?› ብሎ ጠየቀኝ። ሰምቷል አልኩት። ፈገግ አለ። ‹ጥሩ ተናገረችኝ› አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስኪመሽ ድረስ ወደ እኔ አልዞረም።»

ጥርስ ሠሪዋ የማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። ልታምን ፈለገች፤ ያን ያህል ስለፈለገች ፈራች። ወዲያው ደግሞ ከሐዘን ይልቅ ክፉ የሆነ ሐሳብ መጣባት፣ ሳታስበውም አፏ ላይ ደረሰ።

«ቤትሽን ለማዳን ብለሽ ነው እንዴ ይሄን የምትነግሪኝ?»

አክስቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ቤቴንማ እፈልገዋለሁ» አለች ዝግ ብላ። «ለቤቴ ስል ልዋሽም እችላለሁ፣ አላፍርበትም። ይሄን ግን አልዋሸሁም። እንግዲህ ማመን የአንቺ ነው።» ስኒዎቹን ትሪው ላይ ደርድራ ወጣች።

ያን ሌሊት አንቀላፍታ ከሆነ አታስታውሰውም። ግድግዳው ማዶ ሳሉ አልቆመም፤ አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። አክስቷ እውነቷን ከሆነ ቃሉን ማለት አባቷን ዳግም መግደል ነው። ውሸቷን ከሆነ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ቤት ብላ የገዛ አባቷን ሳይሞት ሳይድን በር ላይ ልታቆመው ነው። የሚመሰክርላት ሰው አልነበረም፤ የሚመሰክረውማ ሳይነግራት ሄዷል።

ጠዋት መኪናው መጣ። አክስቷ ሂጂም አትሂጂም አላለቻትም። ለቀስተኛው ገና አልተሰበሰበም። ሾፌሩ የኋላውን በር ከፈተላት፤ ከተማው መሃል መብራት ሲይዛቸው በመስታወት አያት።

«እግዜር ያጽናሽ። አባትሽ መቼም የሥራ ሰው ነበሩ» አላት። «ሊቀመንበሩ ሰውዬው አይመጡም፣ ሌላ እንፈልግ ብለው የወሰኑ ቀን እኮ ነው ያን ያህል የተቆጣሻቸው። እኔ ነኝ ሄጄ የነገርኳቸው። ‹ኧረ ጌታዬ፣ ልጃቸው እስክትሰድባቸው ድረስ ነው ልምጣ የሚሉት፤ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የመጣሁት› አልኳቸው። አመኑኝ። በቃ አንድ ሳምንት እንጠብቃቸው አሉ።» መብራቱ ለቀቀው። «ምን ዋጋ አለው፣ አልሆነላቸውም።»

ጥርስ ሠሪዋ በእጇ አፏን ያዘች። ሾፌሩ ሐዘን መስሎት መሐረብ አቀበላት። ሐዘንም ነበር፤ ነገር ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር እየተነሳ ነበር፣ ምን ብላ እንደምትጠራው አላወቀችም። ያቺን ሳምንት የገዛችለት እሷ ናት። ሳታውቅ፣ እየሰደበችው፣ ከአባቷ ጋር ሆና አንድ ሥራ ሠርታለች።

አዳራሹ የወለል ሰም ይሸታል። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፣ በየጠረጴዛው ላይ የውሃ ብርጭቆና ማይክሮፎን አለ። ሠላሳ ሰባተኛው መሃል ላይ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነው፤ በግራና በቀኝ ሰው ተቀምጦ እሱ ብቻ ባዶ ነበር። ዋና ጸሐፊው በር አጠገብ ካለችው የቤተሰብ ቦታ አቆሟትና «ጎሽ የኔ ልጅ» አሏት።

ሊቀመንበሩ ማይክሮፎናቸውን መታ መታ አደረጉ። «ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የቤተሰብ ቃል ይደመጥ። የተከበራችሁ አባላት፣ እባካችሁ ብድግ በሉ።»

አዳራሹ ሁሉ ተነሳ። የወንበሮቹ ድምፅ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አባቴ» አለች፣ «ዛሬ አልቻለም።»

ዋና ጸሐፊው ወደ እሷ ዞሩ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ግን ይመጣል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ዋጠው። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ረስተው «ሴትዮ፣ ምን እያልሽ ነው? ሰውዬውን እኮ ቀብረናቸዋል!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ዋና ጸሐፊው ዞሩ። «ይሄ ቃል እንደተባለ ይቆጠራል አይደል?»

ጸሐፊው መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት፤ አንዱን ጎን፣ ሌላውን ጎን። ሰው ሁሉ ያንን መነጽር ቆሞ ጠበቀው። «አይቆጠርም» አሉ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያዩ። «ደንቡ ቃሉን ይጠይቃል። ቃሉ አልተባለም። ወንበሩ አልተመለሰም።»

ጥሪው ተጀመረ። አንድ ቁጥር፣ ተደግፏል። ሁለት ቁጥር፣ ተደግፏል። አልፎ አልፎ አንድ ሰው «እቃወማለሁ» ሲል ሌሎቹ ዞረው ያዩታል። እሷ አልቆጠረችም። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት።

«ሠላሳ ሰባት።»

ዓይን ሁሉ ወደ ባዶው ወንበር ሄደ። ያ አዳራሽ እሱን ጠርቶ መልስ አጥቶ አያውቅም።

«ሠላሳ ሰባት።»

ያን ጊዜ ፍርሃት ወረራት። ሰው ያየኛል፣ ይታዘበኛል የሚል ፍርሃት አልነበረም። እንዳይመልስ ፈራች። ዕድሜ ልኩን የለመደበት ነው፤ ጥርስ ባይኖረው፣ አፈር ቢጫነው፣ ስሙን ያህል የሚያውቀውን ቁጥር ሲሰማ ከየትም ተነስቶ እጁን ያነሳ መሰላት። ምሰሶው አጠገብ አጠር ያለች ሳል የሰማች መሰላት። አባዬ ተኛ፣ አለች በልቧ። እባክህ አባዬ፣ ዝም በል።

«ሠላሳ ሰባት፣ ለመጨረሻ ጊዜ።»

ዝም።

«ሠላሳ ሰባት» አለ ጠሪው፣ «አልደገፉም።»

ቀጥሎ የሆነውን ብዙም አልሰማችም። ስልሳ ተባለ፣ ስልሳ አንድ ያስፈልግ ነበር ተባለ፣ አንቀጹ እንዳለ ይቆያል ተባለ። ክፍለ ጊዜው ተዘጋ። ሰዎቹ በአጠገቧ እየተጋፉ ወጡ፤ አንዳንዱ በዓይኑ ገላመጣት፣ ያ በረንዳው ላይ ያገኘችው ወጣት አንገቱን ደፍቶ አለፈ፤ አንዲት አሮጊት አባል ትከሻዋን ያዝ አድርገው ምንም ሳይሉ ሄዱ። ሊቀመንበሩ በሌላ በር ነው የወጡት።

በመጨረሻ የቀሩት እሷና ዋና ጸሐፊው ነበሩ። ጸሐፊው መብራቶቹን አንድ በአንድ ያጠፋሉ።

«አሁን ብትይው ማንንም አይነካም» አሏት ከሩቅ። «ድምፁ አልቋል። እኔ እሰማሻለሁ። ካልፈለግሽ ግን ሌላ ቀን መምጣት ትችያለሽ።»

በጠረጴዛዎቹ መሃል አለፈችና ምሰሶው አጠገብ ደረሰች። ወንበሩ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነው የቆመው፤ ከመታመሙ በፊት የተነሳ ዕለት እንደተወው ይሆናል። የቀኝ ክንድ ማሳረፊያው ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ወጥቷል፤ የግራው እንዳለ ነው። እጇን እዚያ በለቀቀው ላይ አሳረፈች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ድንጋይ የቆመባት ነገር ተንዶ ወረደ፤ አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ባዶው አዳራሽ እስኪመልስላት። ጸሐፊው ማጥፊያው ላይ እጃቸውን እንዳደረጉ ጠበቋት።

«ወንበሩን» አለች። እንባው አላስጨረሳትም። እንደገና ጀመረች። «ወንበሩን መልሰናል።»

«ምክር ቤቱ ተቀብሏል» አሉ ጸሐፊው ቀስ ብለው።

ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችና፣ እግሮቹ ወለሉን ፍቀው እንዳይጮሁ ከፍ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አስገባችው።